ሁለተኛው ፍሬን

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በእጄ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ቢሰለፍ ከማሰልጠኛው በር እስከ ትልቁ አደባባይ ይደርሳል። ሐኪም አስተምሬያለሁ፣ ዳኛ አስተምሬያለሁ፣ መሪ በያዘ ቁጥር እንባው የሚመጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅም አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «መምህር ፍሬን» ይሉኛል። ስሙን ያተረፍኩት በማለማመጃ መኪናዬ ነው። ትንሽና አሮጌ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተሸክማለች፤ እኔ በምቀመጥበት በኩል ደግሞ የብቻዬ የሆኑ ሁለት ፔዳሎች አሏት፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን። ተማሪው ሲሳሳት እረግጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ሳይሳሳትም እረግጣለሁ፤ ይህን ከማንም ደብቄ አላውቅም።

የደበቅሁት ሌላ ነገር ነው። ከፍታ ያዞረኛል። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ገደል አጠገብ ስደርስ ግን ላይና ታች ይጠፋብኛል። ጆሮዬ ጭው ይላል፣ መሬቱ ያዘነብላል፣ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ይመስለኛል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ይህን ጉድ ማንም ሳያውቅብኝ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲገጥመኝ ሚስቴን እልካታለሁ። እሷም ስንፍና ነው ብላ እያጉረመረመች ትሄዳለች።

ጣጣው የመጣው በልጄ በኩል ነው። ያለችን አንድ ልጅ ናት፤ መሐንዲስ ሆና ድልድይ ትሠራለች። ድልድይ ደግሞ ሜዳ ላይ አይሠራም። ላለፉት አራት ዓመታት ከተራሮቹ ማዶ በአንድ ጥልቅ ሸለቆ ላይ ስትሠራ ኖራለች። በእነዚህ አራት ዓመታት ሰባት ጊዜ ደውላ «አባዬ፣ ናና ሥራዬን እይልኝ» ብላኛለች። ሰባቱንም ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። ወገቤን አመመኝ አልኩ። ተማሪ በዛብኝ አልኩ። አንዴማ የመኪናዋ ሞተር ወርዷል ብዬ፣ በዚያው ቀን በዚያችው መኪና አደባባዩን ስዞር የሚስቴ እህት አግኝታኝ ጉዴ ፈላ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለች። ድልድዩ አልቋል፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሻገረው የባለሥልጣን መኪና ነው። ልጄ ግን አለቆቿን ለምና ለምና፣ መጀመሪያ እንድትሻገር ያስፈቀደችው እሷ መንዳት የተማረችባትን የእኔን መኪና ነው። የሚነዳትም እኔው ነኝ።

«ወገቤን ሰሞኑን…» ብዬ ልጀምር ስል ድምፅዋ ተለወጠ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድልድዩን ካላመንከው በግልጽ ንገረኝ። እኔ የሠራሁት ነገር ላይ መንዳት ካስፈራህ ምን አደርጋለሁ፣ እቀበለዋለሁ። ብቻ እባክህ ወገቤ ምናምን አትበለኝ።»

ክው አልኩ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ የማልመጣው ሥራዋን ስላላመንኩት መስሏታል! ልጄ በምትሠራው ነገር እኔ ከማንም በላይ እኮራ ነበር። ማሰልጠኛው ውስጥ ስለ እሷ ስለፈልፍ የማይሸሸኝ ሰው የለም። እሷ ግን ከእኔ የሰማችው ስለ ወገቤ ብቻ ነው።

«እመጣለሁ!» አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ! በይ ንገሪው ለባለሥልጣኑ፣ ተራውን ይጠብቅ!»

ስልኩን እንደዘጋሁ ወጥቼ መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጠብኳት። ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደስታም ነበረበት።

ሚስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። የፊት ለፊት ክፍላችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የጨርቅ ጥቅል ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ የሰው መጋረጃ ማንሳት አለባችሁ። እሷም የእኔ ተማሪ ናት። ተማሪ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የለማጅ ፈቃዷን ጊዜው ባለቀ ቁጥር አሳድስላታለሁ፤ ፈተና ልግባ ስትለኝ ግን «ገና ነሽ» እላታለሁ። በማሰልጠኛችን ደንብ መምህሩ ካልፈረመ ተማሪ ፈተና አይገባም። እኔ ደግሞ ፊርማ አላባክንም።

«ሰው በዘጠኝ ዓመት ሐኪም ይሆናል» ትላለች።

«ሐኪም ቢሳሳት አንድ ሰው ነው የሚጎዳው» እላታለሁ። ለሁለት ቀን አታናግረኝም።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ሜዳው ላይ እንዴት አድርጌ እንደነዳሁ! መስኮቱን ከፍቼ እያፏጨሁ፣ ሚስቴ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች እያጎረሰችኝ፣ ማንም ሰው ቢያየን ሽርሽር የወጣን ሙሽሮች እንመስላለን። አምስት ሰዓት ላይ ተራሮቹ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ግራና ቀኛቸው ዛፍ ስለሆነ ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ይህን ያህል ዘመን ምን አስፈርቶኝ ነው እያልኩ በራሴ መሳቅ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ዛፉ አለቀ። ከዛፉ ጋር መሬቱም አለቀ። በቀኝ በኩል፣ በሚስቴ መስኮት፣ የሚታየው አየር ብቻ ነው። አንድ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ከበታቻችን ሲንሳፈፍ አየሁ። አሞራን ከላይ ሆኜ አይቼ አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ጭው አለ። ላብ ከአንገቴ ወርዶ ጀርባዬን አራሰው። መንገዱ ከፊቴ ቁልቁል ሲንደረደር ታየኝ፤ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አንስቼ ፍሬኑን ያዝኩ።

መኪናዋ አንዴ ተንገጫግጫ ጠፋች።

«ለምን አቆምክ?» አለች ሚስቴ።

«ቁልቁለቱ አይታይሽም?»

«የምን ቁልቁለት? ዳገት ነው እኮ! አንተ ሰውዬ፣ ወደ ኋላ እየሄድን ነው!»

እውነቷን ነው። ፍሬኑን መቼ እንደለቀቅሁት አላውቅም። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት እኔ ወደ ገደሉ የምታዘነብል መሰለኝና መሪውን በሙሉ ኃይሌ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። የኋላ ጎማችን ተቃራኒውን መስመር አቋርጦ በተራራው ጥግ ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ስፖኪዮዬ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ተንጠለጠለ። ወዲያው ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያምባረቀ መጥቶ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሹፌሩ ፂሙ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ወርዶ መኪናችንን ዞረ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበ፤ መሪውን ሙጭጭ አድርጌ የያዝኩትን እኔን አየ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞረ። «ብቻ እርስዎ መምህርቷ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጀማሪ ይዞ እዚህ መንገድ ላይ መውጣት ልክ አይደለም።»

ሚስቴ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ልክ ነዎት» አለችው። «ገና ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ገደሉ ቅርብ ስለሆነ ያንንም አልተመኘሁም።

ሽማግሌው በሽቦ ገመድ ጎትቶ አወጣንና ሄደ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ የቀረው መንገድ ሁሉ ዳገትና ኩርባ ነው። ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሌላ ውሸት አላገኘሁም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ የድሮ ሰበቦቼን አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር።

«ያ የሦስተኛ ፎቅ የግብር ቢሮ?»

«አዎ።»

«ጣሪያው ሲያፈስ ባለሙያ ካልመጣ ብለህ ሁለት ክረምት በባልዲ ያስቀዳኸኝ?»

«አዎ።»

«ያ ሁሉ ወገብ?»

«ወገቤ ጤነኛ ነው።»

በሳቅ ፈነዳች። መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ደግሞ ቆሽቴ አረረ፤ ከዚያ እኔም ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በሚስጥር የተሸከምኩት ነገር ሲወጣ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሚስቴ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ።»

«አንቺ ገና…»

«ለማጅ መምህሩ ከጎኑ ከተቀመጠ መንዳት ይችላል። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መምህሩ ዓይኑን መክፈት አለበት የሚል ግን የትም አላነበብኩም።»

ቁልፉን ሰጠኋት። ቦታ ስንቀያየር ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ገደሉ አሁን በእኔ በኩል መሆኑን ነው። ሚስቴ መኪናዋን አስነስታ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃ፣ ዳገቱ ላይ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተነሳች። የመጀመሪያውን ኩርባ ያዘች። እኔ ሳላስበው የእኔን ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ጠፋች። እንደገና አስነሳች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደግሜ ረገጥኩ፤ ከኋላችን ያለ ሚኒባስ ለጥቂት ሳተን።

የእጅ ፍሬን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምን አልሽ?»

«ጫማህን አውልቀህ እግርህን ወንበሩ ላይ አጣጥፈህ ተቀመጥ። አንድ ጊዜ ደግመህ ብትረግጥ እዚሁ ጥዬህ እሄዳለሁ። ልጄ እየጠበቀችኝ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ በካልሲዬ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ አጣጥፌ፣ ጫማዬን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ንገሪኝ» አልኳት። «ዳገት ነው ቁልቁለት?»

«ዳገት። ወደ ግራ ልታጠፍ ነው። አሁን ሁለተኛ ማርሽ።»

ሰውነቴ ወደ ቀኝ ተገፋ፤ ልክ እንዳለችው ወደ ግራ ታጠፍን። «ቀጥ ያለ ነው… አሁን ወደ ቀኝ፣ ጠባብ ነው… ዳገቱ አለቀ፣ ትንሽ ቁልቁለት አለው።» እያንዳንዱን ነገር ከመድረሱ በፊት ትነግረኛለች፤ ቃሏና የሰውነቴ ስሜት ሲገጥሙ የጆሮዬ ጭው ማለት እየቀነሰልኝ መጣ። ማርሽ ስትቀይር ድምፁን አዳምጣለሁ። ፍሪሲዮኑን እንዴት አድርጋ እንደምትለቀው! ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ እግር ነው፤ ለስሱ ጨርቅ ቀስ፣ ለወፍራሙ ጠንከር ማለት ያውቃል። ከተማሪዎቼ መሃል እንዲህ ያለ እግር አላየሁም። ዘጠኝ ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ይህን ሳላውቅ የቀረሁት እግሬ ሁልጊዜ ፍሬኑ ላይ ስለነበረ ነው።

አንድ ዓይኔን ከፈት አደረግሁ። ከፊታችን አውቶቡስ ጭስ እየተፋ ይጎተታል። ሚስቴ ጠበቀች፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቦታ ሲመጣ መብራት ሰጠችና በሦስተኛ ማርሽ ጎኑን ታክካ አለፈችው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩን አጨበጨቡ።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። የምፈራ ይሁን የምደሰት ለይቼ መናገር አልችልም። «እሰይ የእኔ አንበሳ! ሰኞ ፈተና ትገቢያለሽ!»

«ዛሬ ፈርም!»

«እዚህ?»

«እዚሁ! ሰኞ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው፣ አውቅሃለሁ!»

ፈቃዷን ከቦርሳዋ አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። ኩርባው ላይ ስለነበርን ፊርማዬ ከወረቀቱ ጫፍ ሊወርድ ምንም አልቀረውም፤ ግን ፊርማ ነው።

ሸለቆው ጋ ስንደርስ ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ ሕዝቡ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰልፏል፤ የድልድዩ አፍ ላይ ሪባን ተወጥሯል። አንድ ጥቁር የባለሥልጣን መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሪባኑ ፊት ቆሟል። ልጄ ሄልሜቷን አድርጋ፣ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ በጥቁሩ መኪናና በሪባኑ መሃል ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ጥሩምባ ነፋን። ቀና ስትል ያየችው ነገር እናቷ መሪ ይዛ፣ ስፖኪዮው ተንጠልጥሎ፣ አባቷ እግሩን አጣጥፎ ጫማውን አቅፎ ነው።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

በካልሲዬ ወረድኩ። ባለሥልጣኑ በመስኮቱ ያየኛል፤ ሕዝቡ ያየኛል፤ ግድ አልሰጠኝም።

«የእኔ ልጅ፣ ድልድይሽን አምነዋለሁ» አልኳት። «ሳላየውም አምነዋለሁ። የማላምነው ራሴን ነው። ከፍታ ያዞረኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ላይና ታች ይጠፋብኛል። ሰባቱንም ጊዜ የዋሸሁሽ ለዚህ ነው። ዛሬም እዚህ ያደረሰችኝ እናትሽ ናት፤ ድልድዩንም እሷ ብትነዳው ይሻላል፣ ከእኔ በላይ ነጂ ናት።»

«ሰማችሁ?» አለች ሚስቴ ከመኪናው ውስጥ ለሕዝቡ።

ልጄ አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ከዚያ ሄልሜቷን አወለቀች።

«አንተ ትነዳለህ» አለችኝ። «እማዬ ከኋላ ትሁን። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

ሪባኑ ተቆረጠ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። መሪውን እንደ መጀመሪያ ቀን ተማሪ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ፣ ገደሉ እስኪመጣብኝ ጠበቅሁ። ጎማችን ድልድዩ ላይ ወጣ። ጆሮዬ ጭው እስኪል ጠበቅሁ፤ አላለም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። መንገዱ ከፊቴ ለጥ ብሎ ተዘርግቷል። ግራና ቀኝ ከመስኮታችን ከፍ የሚል ለስላሳ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው በላይ ሰማይ፣ ከመንገዱ መጨረሻ የማዶው ተራራ፣ ሌላ ምንም አይታይም።

«ገደሉ የት ሄደ?» አልኩ።

«ከታች ነው።»

«አይታይም እኮ!»

«አይታይም» አለች። በዓይኔ ጠርዝ አየኋት፤ የበሩን እጀታ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨብጣለች።

«ግድግዳውን ለምን ይህን ያህል ከፍ አደረግሽው?»

«ለንፋስ ነው ብዬ ነው ያስፈቀድኩት።» እጀታውን ግን አልለቀቀችም። «አባዬ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በሆዴ እየተሳብኩ ነው የሠራሁት። ሠራተኞቹ ብረቱን የምመረምር ይመስላቸው ነበር። ጫፉ ጋ ስደርስ ሁሉ ነገር ይገለበጥብኛል። አንተ ደግሞ ምንም የማትፈራ ሰው ነህ፤ ላንተ መንገር አፈርኩ። ናና ሥራዬን እይልኝ ስልህ የነበረው፣ አንተ አጠገቤ ከቆምክ አያዞረኝም ብዬ ነው።»

ሚስቴ ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ የልጃችንን ትከሻ ያዘች።

ሰባት ጊዜ ጠርታኝ ነበር። ሰባት ጊዜ ወገቤን ነገርኳት።

የድልድዩ መሃል ላይ ስደርስ መኪናዋን አቆምኩ። ከኋላችን ጥቁሩ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ይንፋ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ዞሬ በሯን ከፈትኩላትና እጇን ከእጀታው አላቀቅሁት።

«ነይ» አልኳት። «ይኸው መጥቻለሁ። ሥራሽን አሳዪኝ።»

ተያይዘን ወደ ግድግዳው ሄድን። ጫፉን በአንድ እጃችን ይዘን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን፣ በእግራችን ጣት ቆመን ወደ ታች አየን። ወንዙ፣ ድንጋዩ፣ አሞራው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተሽከረከረብኝ። ልጄ ጮኸች፤ እኔም ጮህኩ፤ ማዶ ያለው ሕዝብ የደስታ ጩኸት መስሎት አብሮን ጮኸ፤ አልተሳሳተም።

«አዞረሽ?»

«በጣም!»

«እኔንም» አልኳት፤ እጇን ግን አልለቀቅሁም።